ያልመጡት ሽማግሌዎች

ባለፈው ሰሞን ሳቢያን ሰፈር ልጄ ቤት በቴሌቪዥን ኳስ ሲያዩ አብሬ ተቀምጬ ነበር። ኳስ አልወድም እላለሁ እንጂ ሳላይ አላልፍም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ሜዳው ዳር ወደቆመች አንዲት ሣጥን እየሮጠ ሄደ። ምን ሊያደርግ ነው ብዬ የልጅ ልጄን ብጠይቃት፣ ጎሉ ትክክል መሆን አለመሆኑን መልሶ ሊያይ ነው አለችኝ። አየና ተመለሰ፣ እጁን አነሳ፤ ግማሹ ሰው ጮኸ፣ ግማሹ አንገቱን ደፋ፣ አለቀ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ አልኩ በሆዴ። የእኛንም ጎል እንዲህ መልሶ የሚያይልን ሰው ቢኖር ኖሮ ወንድሜም እኔም ሌላ ኑሮ እንኖር ነበር። ወይም ያው ይሆን ነበር፤ ሣጥኗ ኳሷን እንጂ የሰው ሆድ አታሳይም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ እየተመላለሰብኝ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ቢላዋውን ይዤ ፈዝዤ እቀራለሁ። ይህን የምጽፈው ገብቶኝ አይደለም፤ ሳይገባኝ እንዳልሞት ፈርቼ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ። ናይሎን ሸሚዝ ከጅቡቲ በባቡር መግባት የጀመረበት፣ ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት አስጠብበው መቀመጥ የሚያቅታቸው ጊዜ ነበር። ድሬ ያኔም እንደ አሁኑ ለሁለት የተከፈለች ነበረች። መሀሏ የደቻቱ ወንዝ አለ፤ ከርሞ ከርሞ አሸዋ ነው፣ ደጋ ላይ ሲዘንብ ደግሞ ሰውም ግመልም ይዞ የሚሄድ ጎርፍ ይሆናል። ከወዲያ ከዚራ፣ ከወዲህ መጋላ። ከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፎቹ ከላይ ተቃቅፈው ፀሐይ አያስገቡም፣ ግሪኩ ኬክ ቤቱ በር ላይ ግራሞፎን ያስጮሃል። አንድ ጠርሙስ ሎሚናት ገዝተን ለሦስት እየተቀባበልን ዘፈኑ እስኪያልቅ እንቆም ነበር። መጋላ ደግሞ ገበያው ነው፤ የቅመሙ ሽታ፣ የጋሪው ደወል፣ በአምስት ሳንቲም የሚሸጥ የጋለ ሳምቡሳ፣ ከየሱቁ የሱማሌም የኦሮሞም የዓረብም ዘፈን ባንድ ላይ። ዛሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ በየሱቁ የተሰቀለውን ልብስ ሳይ ዓይኔ የሚፈልገው ያኔ የነበረውን የድሪያ ጨርቅ ነው፤ ስስ ሆኖ አበባው ትልልቅ፣ ስትራመጂ ካንቺ ቀድሞ የሚሄድ። ልጄ እማ አሁን ፋሽኑ ሌላ ነው ትለኛለች፤ እሷ ምን ታውቃለች።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መጋላ ውስጥ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል፤ እኔ ከቤት ምሳ አመላልሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ታላቅ ወንድሜ ኢብራሂም፣ ድሬ በሙሉ ኢብሮ የሚለው፣ የኳስ በረኛ ነበር። ሰፈራችን መጋላ ይሁን እንጂ የሚጫወተው ለከዚራ ቡድን ነው፤ ከዚራ ያለ አንድ ወርክሾፕ ሠራተኛ ብሎ ቀጥሮት ነበርና። ሠራተኛ ይባል እንጂ መፍቻና መዶሻ ለይቶ አያውቅም፤ ሥራው ኳስ መያዝ ነው፣ ደመወዙ የሚከፈለው ለዚያ ነው። ያኔ በኳስ እንጀራ መብላት ማለት ይህ ነበር። የመጋላ ቡድን ደግሞ የሀጂ ዩሱፍ ነበር ማለት ይቻላል። ሀጂ ዩሱፍ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ማሊያውን የሚያለብስ እሱ፣ ሲሸነፉ የሚያለቅስ እሱ። አጥቂው ሙክታር የወንድሙ ልጅ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደገው ሀጂ ነው።

ሙክታር አባቴ ዘንድ ሱሪ ሊያስጠብብ መጣ። ከዚያ ሸሚዙ ቁልፍ በጠሰ ብሎ መጣ። ከዚያ ሌላ ቁልፍ በጠሰ። ሦስተኛው ላይ ክሩን ሳየው በምላጭ የተቆረጠ ነው። አላልኩትም፤ ተክዬ ሰጠሁት። አባቴ መነጽሩን ወደ አፍንጫው አውርዶ፣ ይሄ ልጅ ሸሚዝ የሚለብሰው ሊታገልበት ነው እንዴ አለ። እኔ ራሴ ላይ ያሰርኩትን ጉፍታ ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩ። ወድጄው ነበር፤ ይህን ለመናገር አሁን ምን ያሳፍረኛል።

የዋንጫው ጨዋታ የዚያን ዓመት ከዚራና መጋላ ላይ ወደቀ። ቀኑ እሑድ ነው፣ ዋንጫውን ለመስጠት ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ ተብሎ መንገዱ ውሃ ይረጫል፣ አጥሩ ኖራ ይቀባል። በዚያው ሳምንት አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ለሙክታር እኔን ሊጠይቁ ቤታችን መጡ። ፊት ፊት የሚሄደው ሀጂ ዩሱፍ ነው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ዙርባ ጫት ተሸክመዋል፣ እሱም የአወዳይ ምርጥ። በእኛ ዘንድ ልጅ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ጫቱ ይቀርባል፣ አባት ከተቀበለ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ ጫቱ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ለጎረቤት ይታደላል። የደረሰው ሁሉ ቅሞ ምስክር ይሆናል፤ የእከሌ ልጅ ለእከሌ ታጨች ማለት ነው። አባቴ ስለ እሑዱ ጨዋታ አላሰበም። አንድ አባት ዙርባ ይዞ የመጣን ሽማግሌ ከእሑድ በኋላ ተመለሱ ብሎ አይመልስም፤ ነውር ነው። ተቀበለ፣ ዱዓው ተደረገ፣ እናቴ እፍኝ እፍኙን ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። ኢብሮ እንኳ ከልምምድ መጥቶ ድርሻውን ቃመ። ሰፈሩ ግማሹ መጋላን፣ ግማሹ እዚያ ስለሚሠራ ከዚራን የሚደግፍ ነው፤ ሁሉም ቃመ፣ ሁሉም መረቀኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ፀሐይ በረድ ሲል ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። እኛ ሴቶቹ ግንቡ ጥግ የቆመ ጋሪ ላይ ወጥተን እናያለን፤ ባለ ጋሪው ሳንቲም ተቀብሎ ፈረሱን ፈቶ ጥላ ውስጥ አስሮታል። እንግዳው ከነአጃቢያቸው ድንኳን ስር ተቀምጠዋል። ያለ ጎል ቆየና ሊያልቅ ሲል ሙክታር ከሩቅ መታት። የረባ ምት አልነበረም። ኳሷ ያለ ችኮላ እየነጠረች መጣች፣ ኢብሮ ተንበርክኮ ጠበቃት፣ ደረቱ ስር ገባችና በሌላው በኩል ወጣች። ኢብሮ እንደዚያ ዓይነት ኳስ ተኝቶ የሚይዝ ልጅ ነበር። ከዚያ መጋላ በጩኸት ፈነዳ። እኔ ጋሪው ላይ ቆሜ ምን እንደምሆን ጠፋኝ። እጮኛዬ አግብቷል፣ ወንድሜ ገብቶበታል። እልል ልበል ወይስ ላልቅስ ሳልወስን ጓደኛዬ አቅፋ ሳመችኝ። እንግዳው ዋንጫውን በእጃቸው ለመጋላ ሰጡ፣ ሙዚቃ ተመታ፣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ በረንዳ ላይ አንድም ሰው ልብስ ይዞ አልመጣም። ከዚራ ኢብሮ ጨዋታውን ሸጠ እያለ ነው። ማስረጃ አላችሁ ሲባሉ፣ አርብ ዕለት የመጋላ ቡድን ባለቤት ራሱ ጫት ተሸክሞ ቤቱ ገብቷል፣ ሰፈሩ በሙሉ አይቷል ይላሉ። ጫቱ የእጮኝነት ነው ሲባሉ፣ ታዲያ ከዓመቱ ቀን ሁሉ ይህችን አርብ ምን አስመረጣቸው ይላሉ። አባቴ ራሱ ማታ ራት ላይ እጁን ከሳህኑ አንስቶ፣ እውነት ለምን ይህችን አርብ መረጡ አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። እናቴ ኢብሮን አየችው፤ ኢብሮ ሳህኑን አየ። ጫቱ ጉቦ ከሆነ እኔ ምንድን ነኝ? ሙክታር እኔን ፈልጎ ነው ሽማግሌ የላከው ወይስ እኔ ጉቦው የተጠቀለለባት ቅጠል ነኝ? ያ ጥያቄ በዚያች ራት ሆዴ ገባ፣ እስከ ቅርብ ጊዜም አልወጣም።

የኳሱ ኮሚቴ ተሰብስቦ ጨዋታው ይደገም፣ በረኛው ይታገድ ብሎ ወሰነ። ደቻቱ ላይ ድንጋይ መወራወር ተጀምሮ ነበርና ብዙ ሰው እፎይ አለ። ኢብሮ ብቻ ተቆጣ፤ ሌባ ሳልሆን ሌባ ተባልኩ ብሎ ቡጢውን ግድግዳ ላይ አሳረፈ። ውሳኔው ግን ከሁለት ቀን አላለፈም። ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ አሉ። እንግዳው፣ ዋንጫውን በእጄ ሰጥቻለሁ፣ በእኔ እጅ የተሰጠ ዋንጫ የሌባ ዋንጫ ሊባል ነው ወይ ብለው ተቆጥተዋል። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ጉዳዩን ዘጉት፤ እንግዳው ንጉሥ አልነበሩም፣ ግን ለእኛ ከንጉሥ የሚተናነሱ አልነበሩም። ስለዚህ ማጭበርበር አልነበረም ተባለ። ይህ ለኢብሮ መልካም ዜና መስሎን ነበር። እናቴ እንዲያውም የሐልዋ ጣፋጭ አስገዛች።

በማግስቱ የከተማው ሹም ፊታውራሪው አባቴን፣ ኢብሮንና ሀጂ ዩሱፍን ቢሮ አስጠራቸው። ከዚያ የሆነውን አባቴም ኢብሮም ለየብቻ ነግረውኛል፤ ቃሉ አንድ ነው። ፊታውራሪው ከደጋ የመጣ፣ ጨዋ፣ ላቡን በመሀረብ የሚጠርግ ሰው ነው። ማጭበርበር አልነበረም፣ በዚህ ተስማምተናል አለ። ማጭበርበር ካልነበረ ሰው የሚያወራው ያ ጫትም ሊኖር አይችልም፤ ጫቱ ካለ ወሬው አይሞትም። ስለዚህ አርብ ዕለት ማንም ወደ ማንም ቤት አልሄደም፣ ጠያቂ ሲመጣባችሁ እንደዚህ ትላላችሁ አላቸው። አባቴ እንደ ድሬ ሰው ሁሉ ሹምንም አንተ ነው የሚለው፣ ንቀት አይደለም፣ አፋችን ነው።

«ሽማግሌ መጥቶ አልመጣም ይባላል እንዴ?» አለው። «ጫቱን እኮ ሰፈሩ ቅሞታል።»

«ሰፈሩ አልቃመም» አለ ፊታውራሪው።

«እኔ ነኝ በእጄ የተቀበልኩት። ልጄን ድሬያለሁ፣ ዱዓ ተደርጓል። አንተስ ሴት ልጅ የለህም?»

ፊታውራሪው አንተ መባሉን ሳይሆን ጥያቄውን ሰማ ይላል አባቴ። ሴት ልጅስ አለኝ አለና መሀረቡን አጠፈ፤ ነገር ግን ትእዛዙ የእኔ አይደለም፣ ነገሩ ሲበርድ ደግሞ ትመጣላችሁ፣ ያኔ እኔ ራሴ ሽማግሌ እሆናለሁ አለ። አባቴን የገረመው ግን ሀጂ ዩሱፍ ነው። ሀጂ ገና ከመጀመሪያው፣ ሳይጨቀጨቅ፣ አልመጣንም ጌታዬ፣ አልመጣንም ብሎ ነበር። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል። ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሰው እንዲህ ፈጥኖ አልመጣሁም ይላል?

ቀጥሎ የሆነው ያስቃል፤ ያኔ ግን አልሳቅንም። ፖሊሶች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ፣ አርብ ዕለት ከዚህ ቤት ጫት ደርሶሃል ወይ ይላሉ። ሰው ሁሉ አልደረሰኝም ይላል። የማይቅም ሰው በሌለበት ሰፈር ያን ቀን የቃመ ጠፋ። አንዷ ጎረቤታችን፣ አቦ እኔ ከነጭራሹ ጫት አልነካም ብላ ማለች፤ ስትምል ጉንጯ ሞልቶ ነበር፣ ፖሊሱም አይቶ አልፏታል። እነዚያ ሰዎች ምስክሮቼ ነበሩ። ማታ እየመጡ እናቴን አይዞሽ፣ እኛ እናውቃለን ይሏታል፤ ቀን ላይ ግን አያውቁም። እኔ መንገድ ላይ ስሄድ አንዳንዷ እንደታጨች ልጅ፣ አንዳንዷ እንዳልታጨች ልጅ ታየኛለች። እኔ ራሴ የትኛዋ እንደሆንኩ አላውቅም ነበር።

ነገሩ በረደ ሲባል ይግላል፣ ጋለ ሲባል ይበርዳል። ሀጂ ዩሱፍ ድጋሚ ቢመጣ፣ ይኸው የፊቱም እውነት ነበር ይባላል፤ ፊታውራሪው ይቆጣል። አባቴ ደግሞ ለመላክ አይችልም፤ የሴት ልጅ አባት የት ቀራችሁ ብሎ አይልክም። ሙክታር ደጃችን መታየት ተከለከለ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየሁት፣ ሸሚዙ ላይ አንድ ቁልፍ የለም። ቀረብ ሊል ሲል ከኋላው የሀጂ ሠራተኛ ጠራው፣ ሄደ። ዓመት ሲሞላ አጎቱ ጅቡቲ ላከው፣ እዚያ አገባ ተባለ። ፊታውራሪውም ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ ሽማግሌ እሆናለሁ ያለው ሰውዬ ስንብት እንኳ አላደረገም።

ኢብሮ ደግሞ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነበት። አልታገደም፤ ጥፋት የለማ። ግን የትኛውም ቡድን አላሰለፈውም። ለምን ሲላቸው፣ ምንም አላጠፋህም ይሉታል፣ ይስቃሉ፣ አያሰልፉትም። ወርክሾፑ መፍቻና መዶሻ አታውቅም ብሎ አሰናበተው፤ ያንን ድሮም ያውቁ ነበር። ጥፋተኛ ቢባል ቅጣቱን ጨርሶ ይመለስ ነበር፤ ንጹሕ ተብሎ ግን ምኑን ይጨርስ? ደቻቱ ማዶ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነ፣ ኋላ ሾፌር ሆነ፣ ሐርላ ድረስ አሸዋና ድንጋይ ሲያመላልስ አረጀ። ስለዚያች ኳስ ስጠይቀው አንዴ ፀሐይ ዓይኔ ገባ ይለኛል፣ አንዴ ሜዳው ጠጠር ነበረበት ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ብዙ ቆይቶ፣ ሙክታር ሲሮጥ ሳየው አማቼ ነው ብዬ ፈገግ ብዬ ነበር፣ ዓይኔን ስመልስ ኳሷ ደረሰች አለኝ። ይህ መሸጥ ነው? አይመስለኝም። መልሼ ብጠይቀው፣ አቦ ተዪኝ አለኝ፣ ከዚያ በኋላ አልደገመውም።

እኔ የባቡር ሠራተኛ አገባሁ፣ ደግ ሰው፣ አላህ ይዘንለት። አራት ልጅ ወለድን። አንድ ቀን እንኳ ስላለፈው አልጠየቀኝም። ደስተኛ ነበርኩ፣ ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ነገር ግን ደስታ ጥያቄን አይመልስም፤ በላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ። አንዳንድ ቀን ልብስ ሳጥፍ፣ ተጠይቄ ነበር ወይስ አልተጠየቅኩም እላለሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሌላ መንግሥት ተለወጠ፣ ሀጂም አባቴም ሞቱ፣ ያንን አርብ መልሶ ያመጣው የለም።

ኢብሮ አምና አረፈ። ለቅሶው ሦስተኛ ቀን ላይ አንድ በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ በባጃጅ መጣ። ወንዶቹ ዘንድ ተቀምጦ ዱዓ ካደረገ በኋላ እህቱን ላጽናና ብሎ ወደ ሴቶቹ በረንዳ ወንበር አስመጣ። በድምፁ አወቅኩት። ስለ ኢብሮ ጥቂት አወራን። በዚህ ዕድሜ ምን እፈራለሁ ብዬ ጠየቅኩት።

«ሙክታር፣ ያን ሽማግሌ የላክኸው እኔን ብለህ ነው ወይስ ጨዋታውን ብለህ?»

«ወላሂ እኔም አላውቀውም» አለኝ። «አጎቴን ዓመት ሙሉ ለምኜው ነበር። የልብስ ሰፊ ልጅ አላመጣልህም እያለ እምቢ አለኝ። በዚያ ሳምንት ግን እኔ ሳልለምነው ተነስቶ አርብ እንሄዳለን አለ። በጣም ደስ ስላለኝ ለምን አሁን አላልኩትም። ብዬው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አረጀሁ።»

ተናደድኩ፣ ደስም አለኝ፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። እንግዲህ ሁለቱም እውነት ነው፤ ሀጂ የመጣው ለኳሱ ነው፣ ሙክታር የላከው ለእኔ ነው፣ መንገዱ ግን አንድ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከሁለት አንዱን ስፈልግ ኖሬያለሁ። እንባዬ መጣ፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም ለምን አላለኝም።

ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እኔም አንድ ነገር አለኝ» አለ። «አባትሽ ገብቶ ሲጠይቅሽ ምን አልሽ? ማንም አልነገረኝም። ወዲያው ሁሉም ነገር አልነበረም ተባለ።»

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ዝም ካለች በቂ ነው፤ ዝምታዋ እሺታ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚጠብቅባት የለም። እኔ ግን ያን ዕለት ዝም አላልኩም ነበር። አባቴ ጓዳ ገብቶ ገና ስሙን ሲጠራ እሺ ብዬ ነበር፣ ሳሎን ያሉት እንዳይሰሙ እናቴ ክንዴን እስክትቆነጥጠኝ። ይህን ነገርኩት።

«ጮክ ብለሽ?» አለኝ።

«ጮክ ብዬ» አልኩት፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች እስኪዞሩ ድረስ።